ፎር ዊል መቼ ይግባ? መሬቱን አይቶ የመወሰን ሙያ

በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር



የክረምቱ ዝናብ በርትቶ ጥቁሩ አፈር በሚጨቀይበት ወራት፣ ምጥ የያዛትን እናት ለማምጣት ከወረዳ ከተማ ተነሥቶ ወደ ገጠር ቀበሌ የሚወጣ አምቡላንስ በመንገዱ ላይ የሚያጋጥመው ፈተና ለዚህ ጉባኤ አዲስ አይደለም። ብዙውን ጊዜ ይህን አገልግሎት የሚሰጠው በተለምዶ ሀርድ ቶፕ እየተባለ የሚጠራው የቶዮታ ላንድ ክሩዘር ነው። መኪናው ለሥራው የተመቸ ነው፤ ሞተሩ ብርቱ፣ ሻንሲው ጠንካራ፣ ከመሬት ያለው ከፍታም በቂ ነው። ነገር ግን ሄዶ መመለሱን የሚወስነው የብረቱ ጥንካሬ ብቻ አይደለም። ከካምቢዮው ማርሽ መለወጫ አጠገብ የቆመችውን ትንሿን ማንሻ አሽከርካሪው መቼ ሊያስገባት፣ መቼም ሊያወጣት እንደሚገባ ማወቁ ከሞተሩ ጉልበት ያላነሰ ዋጋ አለው።

በጋራዥ ሥራ ላይ የቆየ ባለሙያ ሁሉ ሁለት ዓይነት አሽከርካሪዎችን ያውቃል። አንደኛው ፎር ዊልን የደኅንነት ዋስትና አድርጎ የሚያይ ነው። ዝናብ በጣለ ቁጥር፣ ቁልቁለት በታየ ቁጥር፣ በአስፋልት ላይም ቢሆን ማንሻዋን ያስገባል። ሁለተኛው ፎር ዊልን የመጨረሻ መድኃኒት አድርጎ የሚቆጥር ነው። ማንሻዋ ትዝ የምትለው መኪናው እስከ አክስሉ ጭቃ ውስጥ ከሰመጠ በኋላ ነው። የመጀመሪያው ሥራ ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው፤ የሁለተኛውም ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደተባለው ነው። የፊተኛው መኪና ክሮቼራው ተሰብሮ፣ ጎማው ያለ ጊዜው ተበልቶ ወደ ጋራዥ ይመጣል። የኋለኛው መኪና ፍሪሲዮኑ ተቃጥሎ ወይም የፊት እግሩ መቆለፊያ በዝገት ተይዞ ይመጣል። የሁለቱም ስሕተት ምንጭ አንድ ነው፤ ይኸውም የመሬቱን ጠባይ መርምሮ ከመወሰን ይልቅ የራስን ስጋት ወይም ኩራት ተከትሎ መወሰን ነው።

የአሠራሩ መሠረት

ከሁሉ አስቀድሞ የመኪናውን ዓይነት ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል፤ ፎር ዊል ያላቸው መኪኖች ሁሉ አንድ ዓይነት አይደሉምና። እ.ኤ.አ. በ1970 ለገበያ የቀረበው ሬንጅ ሮቨርና አብዛኞቹ የዘመኑ ፕራዶዎች አራቱንም ጎማ ዘወትር በሞተር ኃይል የሚያዞሩ ናቸው። በእነዚህ መኪኖች ላይ ከፊቱና ከኋላው አክስል ዲፈረንሻሎች ሌላ፣ በመካከል የተቀመጠ ሦስተኛ ዲፈረንሻል አለ። ይህም የፊቱና የኋላው ዘንግ እንደ መንገዱ ሁኔታ በተለያየ ፍጥነት እንዲዞሩ ይፈቅዳል። ስለዚህ በአስፋልት ላይ ቢነዱ ጉዳት አይደርስባቸውም።

በሌላው ወገን የሚገኙት ሲያስፈልግ ብቻ ፎር ዊል የሚገባላቸው መኪኖች ናቸው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን የተሠራው የዊሊስ ጂፕ፣ የሁለተኛውና የሦስተኛው ተከታታይ ላንድሮቨሮች፣ በአገራችን ዋዝ የሚባለው የሶቪየት ኅብረት መኪና፣ የ70 ተከታታይ ላንድ ክሩዘርና አብዛኞቹ ሃይሉክሶች ከዚህ ወገን ናቸው። በእነዚህ ላይ መካከለኛ ዲፈረንሻል የለም። ማንሻዋ «2 ኤች» ላይ ስትሆን የሞተሩ ኃይል ወደ ኋላ ጎማዎች ብቻ ይሄዳል። ወደ «4 ኤች» ስትገባ ግን ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚሄዱት ሁለት የካርዳን ዘንጎች በትራንስፈር ሳጥኑ ውስጥ ተቆላልፈው እንደ አንድ ብረት እኩል ይዞራሉ። በመካከላቸው ልዩነትን የሚያስታርቅ አንዳች ነገር የለም።

መኪና ቀጥ ብሎ ሲሄድ ይህ መቆላለፍ ብዙ ችግር አያመጣም። በሚታጠፍበት ጊዜ ግን የፊት ጎማዎች ከኋላዎቹ ይልቅ ሰፊ ክብ ስለሚዞሩ የበለጠ መንገድ ይጓዛሉ። የልዩነቱን መጠን በቁጥር ማየት ጠቃሚ ነው። ረጅሙ የሦስተኛ ተከታታይ ላንድሮቨር ከፊት አክስሉ እስከ ኋላ አክስሉ 109 ኢንች፣ ማለት 2.77 ሜትር ያህል ነው። የኋላ አክስሉ መካከል 6 ሜትር ራዲየስ ባለው ክብ ላይ እየሄደ መኪናው ሩብ ክብ ቢታጠፍ፣ የኋላ አክስሉ 9.42 ሜትር ሲጓዝ የፊት አክስሉ 10.38 ሜትር ይጓዛል። ልዩነቱ 96 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። ጎማው በአንድ ዙር 2.5 ሜትር ያህል ስለሚሄድ፣ የፊት ጎማዎች ከኋላዎቹ ከአንድ ሦስተኛ ዙር በላይ ብልጫ ያስፈልጋቸዋል ማለት ነው። የአክስሉ የጥርስ ንጽጽር 4.7 ለ 1 በመሆኑም ይህ ልዩነት ወደ ካርዳን ዘንጎቹ ሲደርስ ወደ 1.8 ዙር ያድጋል።

እንግዲህ በአንድ የመንገድ ማዕዘን ብቻ የፊቱ ዘንግ ከኋላው ሁለት ዙር ሊሞላ ጥቂት የቀረው ብልጫ ይፈልጋል፤ የተቆለፈው ሳጥን ግን ይህን አይፈቅድለትም። ይህ ልዩነት የግድ አንድ ቦታ መውጣት አለበት። መሬቱ ጭቃ፣ አሸዋ ወይም ልቅ ጠጠር ከሆነ ጎማው በየእርምጃው ጥቂት ጥቂት እየተንሸራተተ ልዩነቱን ለመሬቱ ያስረክባል፤ አሽከርካሪውም አይታወቀውም። መሬቱ አስፋልት ወይም ኮንክሪት ከሆነ ግን ጎማው አጥብቆ ስለሚይዝ አይንሸራተትም። ያን ጊዜ ልዩነቱን የሚሸከመው ብረቱ ነው። ዘንጎቹ ይጠመዘዛሉ፣ ጥርሶቹ እርስ በርሳቸው ይጣበቃሉ፣ ክሮቼራዎቹም ከአቅማቸው በላይ ጫና ይወድቅባቸዋል።

የዚህ ውጥረት ምልክቶች የታወቁ ናቸው። መሪው ይከብዳል፤ መኪናው ሲታጠፍ ፍሬን እንደ ተያዘበት ይጎተታል፤ ጎማው ይጮኻል፤ በመጨረሻም ማንሻዋ ተጣብቃ አልወጣ ትላለች። ልምድ የሌለው አሽከርካሪ በዚህ ጊዜ ማንሻዋን በጉልበት ለማውጣት ይታገላል። ትክክለኛው ዘዴ ግን መሪውን እንደ ታጠፈ ይዞ በመጣበት መንገድ ጥቂት ሜትር ወደ ኋላ መመለስ ወይም ወደ ልቅ መሬት ወጥቶ ቀጥ ብሎ መንዳት ነው። ውጥረቱ ሲላላ ማንሻዋ በቀላሉ ትወጣለች። ውጥረቱን ለማላላት አንዱን ጎማ በክሪክ ማንሣት ቢያስፈልግ፣ የተጠመዘዘው ኃይል ጎማውን በድንገት ሊያሽከረክረው ስለሚችል እጅን ማራቅ ያሻል።

ሁለት ጥያቄዎች

ከዚህ አሠራር የሚወጣው ትምህርት በሁለት ጥያቄዎች ሊጠቃለል ይችላል። አንደኛው ጥያቄ «መሬቱ ጎማውን ያንሸራትታልን?» የሚል ነው። ይህ የፈቃድ ጥያቄ ነው። መልሱ አያንሸራትትም ከሆነ ፎር ዊል መግባት የለበትም፤ ጉዳዩ በዚሁ ያበቃል። መልሱ ያንሸራትታል ከሆነ ሁለተኛው ጥያቄ ይከተላል፤ ይኸውም «የኋላ ጎማዎች ብቻቸውን ይበቃሉን?» የሚለው ነው። ይህ የችግር ጥያቄ ነው። የማይበቁ መስሎ ከታየ፣ የሚያጠራጥርም ከሆነ፣ ማንሻዋ ሳይዘገይ መግባት አለባት። ሁለቱን ጥያቄዎች በየመንገዱ መጠየቅ የለመደ አሽከርካሪ ብዙ ደንብ ማስታወስ አያስፈልገውም።

በእነዚህ ጥያቄዎች ረገድ ብዙ ሰው የሚሳሳተው በእርጥብ አስፋልት ላይ ነው። ከጎሐ ጽዮን ወደ ደጀን የሚጓዝ መኪና ወደ ዓባይ ሸለቆ ሲወርድ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ይሄዳል። መንገዱ ጠመዝማዛ ነው። ዝናብ ሲጥል የሚፈራ አሽከርካሪ ፎር ዊል ማስገባቱ የሚያስደንቅ አይደለም። ይሁን እንጂ አስፋልት ስለ ረጠበ ጭቃ አይሆንም፤ በየጥምዝምዙ የሚፈጠረውን ልዩነት ሁሉ አይቀበልም። ከዚህም በላይ መሪው ስለሚከብድና መኪናው ከታሰበው ጥምዝምዝ ወደ ውጭ ስለሚገፋ፣ ደኅንነት ለማግኘት የተደረገው ሥራ አደጋን ያቀርባል። ለዚህ ቁልቁለት የሚገባው መድኃኒት በ«2 ኤች» ሆኖ ዝቅተኛ ማርሽ ማስገባት፣ ፍጥነትን መቀነስና ፍሬኑ እንዳይግል ሞተሩ መኪናውን እንዲይዝ መተው ነው።

ሁኔታው የሚለወጠው አስፋልቱ በሌላ ነገር ሲሸፈን ነው። ጎርፍ ያመጣው ደለል መንገዱን አልብሶት ከሆነ ወይም በደጋ አገር የወረደ በረዶ ከተጋገረበት ጎማው የሚረግጠው አስፋልቱን አይደለም። በዚህ ጊዜ ፎር ዊል አስገብቶ፣ ቀስ ብሎና በተቻለ መጠን ቀጥ ብሎ አልፎ፣ ንጹሕ አስፋልት እንደ ተገኘ ማውጣት ተገቢ ነው።

የጠጠር መንገድ በመካከል የሚገኝ ነው። ጥቅጥቅ ብሎ የተዳመጠና ደረቅ ከሆነ ሁለቱ ጎማዎች ይበቃሉ። ልቅ ጠጠር በበዛበት፣ ዳገትና ጥምዝምዝ በተደጋገመበት መንገድ፣ ለምሳሌ ከጎባ ተነሥቶ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለውን የሳነቴን አምባ አቋርጦ ወደ ዶሎ መና በሚወስደው ዓይነት መንገድ ላይ፣ «4 ኤች» መኪናውን ያረጋጋዋል፤ ጠጠሩም ልዩነቱን ስለሚቀበል ጉዳት አያመጣም። ነገር ግን ይህ መረጋጋት ለፍጥነት ፈቃድ ተደርጎ መወሰድ የለበትም። ፎር ዊል መኪናን ያስኬዳል እንጂ አያቆምም። ማንኛውም መኪና ፍሬን ሲይዝ የሚቆመው በጎማውና በመሬቱ መካከል ባለው መያዝ ልክ ብቻ ነው። በፎር ዊል ሲነዳ መንሸራተቱ ስለማይሰማው ተታልሎ ፍጥነት የጨመረ አሽከርካሪ፣ የመሬቱን ልስላሴ የሚረዳው ፍሬን በረገጠ ጊዜ ይሆናል።

ከመስመጥ በፊት

ፎር ዊል ያለ ጥርጥር የሚያስፈልግባቸው ስፍራዎች ለአገራችን አሽከርካሪ እንግዳ አይደሉም። በበቾ ሜዳ፣ በአድአና በእነዋሪ አካባቢ የሚገኘው ጥቁር መረሬ አፈር በበጋ ተሰነጣጥቆ እንደ ድንጋይ ይጠነክራል፤ በክረምት ውኃ ሲጠጣ ያብጥና ይጣበቃል። የጎማውን ጥርሶች ሞልቶ ስለሚያልሳቸው፣ ጥሩ የነበረው ጎማ በጥቂት ሜትሮች ውስጥ እንደ ተበላ ጎማ ይሆናል። በአፋር ቆላማ ስፍራዎች ያለው አሸዋ በበኩሉ ጎማውን ወደ ውስጥ ይስባል።

በእንዲህ ያለው መሬት ላይ ዋናው ነገር ጊዜ ነው። ሁለት ጎማዎች ብቻ ሲያዞሩ የሞተሩ ኃይል በሙሉ በእነርሱ በኩል ወደ መሬት ያርፋል። መሬቱ ሊሸከመው ከሚችለው በላይ ሲሆን ጎማዎቹ በቆሙበት ይሽከረከራሉ፤ የሚሽከረከር ጎማም ጉድጓድ ይቆፍራል። ያው ኃይል ለአራት ጎማዎች ሲከፋፈል ግን የእያንዳንዱ ድርሻ ስለሚያንስ መሬቱ ሊሸከመው ይችላል። ይህ ጥቅም የሚገኘው ጉድጓዱ ከመቆፈሩ በፊት ነው። መኪናው በአክስሉ ጭቃው ላይ ከተቀመጠ በኋላ ማንሻዋ ብትገባ በሁለት ጎማ ፈንታ አራት ጎማ ይሽከረከር ይሆናል እንጂ መኪናው አይነሣም። ስለዚህ ብልኅ አሽከርካሪ ጭቃው ጫፍ ላይ ቆሞ፣ ወርዶ፣ በእግሩ ረግጦ ጥልቀቱን ይመረምራል፤ ማንሻዋንም እዚያው አስገብቶ ይነሣል።

ፎር ዊል ስለ ገባ ሁልጊዜ አራቱም ጎማዎች መኪናውን ይገፋሉ ማለት አለመሆኑም መታወቅ አለበት። በየአክስሉ ላይ ያለው ተራ ዲፈረንሻል ኃይሉን ያለ መቆለፊያ ስለሚያካፍል፣ አንዱ የፊት ጎማና በሰያፍ ያለው አንዱ የኋላ ጎማ ከመሬት ከተንጠለጠሉ ሁለቱ በአየር ላይ ሲሽከረከሩ መኪናው ይቆማል። ስለዚህ ቦይን በሰያፍ ከመግባት ይልቅ የጎማዎቹን ማረፊያ አስቀድሞ መምረጥ ያስፈልጋል። የዲፈረንሻል መቆለፊያ ያለው መኪናም ቢሆን መቆለፊያውን የሚጠቀመው በዝግታ፣ ቀጥ ባለ መንገድና ለጥቂት ሜትሮች ብቻ ነው።

ዝቅተኛው ማርሽ

«4 ኤል» የሚባለው ዝቅተኛ ማርሽ ከ«4 ኤች» የበለጠ መያዝ የሚሰጥ የሚመስላቸው ጥቂቶች አይደሉም። ጎማው መሬቱን የሚይዝበት ልክ በሁለቱም አንድ ነው። ልዩነቱ ፍጥነቱ ሲቀንስ በጎማው ላይ የሚደርሰው የመጠምዘዝ ኃይል መጨመሩ ነው። ስለዚህም የሚያገለግለው ጉልበትና ዝግታ አብረው ሲፈለጉ ነው፤ ይኸውም በድንጋያማ ዳገት፣ በቀጥተኛ የጭቃ ቁልቁለት፣ ወንዝ በመሻገር፣ የሰመጠ መኪናን በመጎተት ነው። በልቅ ቁልቁለት ላይ በአንደኛ ወይም በሁለተኛ ማርሽ ሲወረድ ሞተሩ አራቱንም ጎማ ይይዛል፤ አሽከርካሪው ፍሪሲዮን መርገጥ አይገባውም፤ ከረገጠ መኪናው ይለቀቃል። በወንዝ ውስጥም ማርሽ መለወጥ አደገኛ ስለሆነ ተስማሚው ማርሽ ዳር ላይ ተመርጦ በአንድ ወጥ ዝግታ መሻገር ይገባል። በአንጻሩ በአሸዋና በለስላሳ ጭቃ ላይ የ«4 ኤል» ብርቱ ጉልበት ጎማውን ቶሎ ሊያሽከረክረው ስለሚችል፣ ብዙ ጊዜ የ«4 ኤች» ሁለተኛ ማርሽ ይመረጣል። ከ«4 ኤች» ወደ «4 ኤል» ሲገባ መኪናው መቆም አለበት። ከ«2 ኤች» ወደ «4 ኤች» በጉዞ ላይ ማስገባት የሚፈቀድበት ፍጥነት ግን በየመኪናው ስለሚለያይ የአምራቹን መመሪያ መጽሐፍ መከተል ግዴታ ነው።

የተዘነጋው መቆለፊያ

ብዙ ሀርድ ቶፖች በፊት ጎማዎቻቸው መካከል በእጅ የሚዞር መቆለፊያ አላቸው። «ፍሪ» ላይ ሲሆን የፊት ጎማዎች ከፊት አክስል ዘንጎች ተለይተው በነጻ ይዞራሉ፤ «ሎክ» ላይ ሲሆን ይያያዛሉ። መቆለፊያው «ፍሪ» ላይ ሳለ ማንሻዋ «4 ኤች» ብትገባ የፊቱ ዘንግ በከንቱ ይዞራል እንጂ ጎማውን አያንቀሳቅስም። «4 ኤል» ሲገባ ደግሞ የዝቅተኛው ማርሽ ኃይል በሙሉ በኋላ አክስል ላይ ስለሚያርፍ የአክስሉ ዘንግ እስከ መሰበር ሊደርስ ይችላል። በሌሊትና በዝናብ ጭቃ ውስጥ ተንበርክኮ መቆለፊያ ማዞር አስቸጋሪ መሆኑን ሁሉም ያውቃል። ስለዚህ ክረምቱ ሲገባ ሁለቱንም መቆለፊያዎች «ሎክ» ላይ አድርጎ ወራቱን ማሳለፍ ይመረጣል። ማንሻዋ «2 ኤች» ላይ እስካለች ድረስ መቆለፊያው መያያዙ ነዳጅ ጥቂት ቢያስጨምርም መኪናውን አይጎዳውም።

በሌላ በኩል ጨርሶ የማይሠራበት ፎር ዊል ሲፈለግ አይገኝም። በፊት አክስል ውስጥ ያለው ዘይት ጥርሶቹን የሚያለሰልሰው ሲዞሩ ነው። በዚህ ምክንያት ቶዮታ በመመሪያ መጽሐፎቹ በየወሩ ቢያንስ 16 ኪሎ ሜትር ያህል በፎር ዊል እንዲነዳ ይመክራል። ይህም ልምምድ በአስፋልት ሳይሆን በአፈር ወይም በጠጠር መንገድ መሆን አለበት። የአራቱ ጎማዎች እኩልነትም ከዚሁ ጋር ይታያል። ሁለት አዲስና ሁለት የተበሉ ጎማዎች በአንድ መኪና ላይ ቢታሰሩና የዙራቸው ርዝመት በመቶ 2 ቢለያይ፣ ቀጥ ባለ መንገድ ላይ እንኳ በአንድ ኪሎ ሜትር 20 ሜትር ልዩነት ይፈጠራል። ስለዚህ ቁጠባ መስሎ ሁለት ጎማ ብቻ መለወጥ በመጨረሻ የትራንስፈር ሳጥን ወጪ ሊያስከትል ይችላል።

የባለሙያው ድርሻ

እስከ አሁን የተዘረዘረው ሁሉ በመመሪያ መጽሐፍ ውስጥ ተበታትኖ ይገኝ ይሆናል። ነገር ግን መጽሐፉ ብዙ ጊዜ በውጭ አገር ቋንቋ የተጻፈ ነው፤ ብዙ ጊዜም በንብረት ክፍል መሳቢያ ውስጥ ተቆልፎ ይቀራል። አሽከርካሪውም ከፕራዶ ወደ ሀርድ ቶፕ ሲዛወር የሚረከበው ቁልፉን፣ ትርፍ ጎማውንና ክሪኩን ነው፤ የማንሻዋን ጠባይ የሚያስረክበው የለም። በፕራዶ የለመደውን በሀርድ ቶፕ ሲደግመው የሚደርሰው ጉዳት በእርሱ ስም ይመዘገባል፤ ያላስተማረው ወገን ግን አይጠየቅም።

ስለዚህ የዚህ ማኅበር አባላት የሚገኙባቸው መሥሪያ ቤቶች ሦስት ነገሮችን ያለ ብዙ ወጪ ሊፈጽሙ ይችላሉ። አንደኛ፣ በመኪና ርክክብ ጊዜ የፎር ዊሉ ዓይነትና አጠቃቀም በቃልና በተግባር ይታይ። ሁለተኛ፣ ሁለቱ ጥያቄዎች በአማርኛና በየአካባቢው ቋንቋ ተጽፈው ከመሪው አጠገብ ይለጠፉ። ሦስተኛ፣ ከክረምት በፊት በሚደረገው ምርመራ ከዘይትና ከፍሬን ጋር የፊት እግር መቆለፊያውና ማንሻዋ በእርግጥ መግባታቸውና መውጣታቸው ይፈተን።

በጋራዥ ውስጥ የተሰበረ ክሮቼራ በጥቂት ሰዓት ይለወጣል። በክረምት ሌሊት፣ ከወረዳው ከተማ ርቆ፣ በመረሬ ጭቃ መካከል የቆመ አምቡላንስ ግን ጋራዥ የለውም። በውስጡ የተኛችው እናት የምትጠብቀው የመኪናውን ጥንካሬ ብቻ ሳይሆን፣ አሽከርካሪው ጭቃው ጫፍ ላይ ደርሶ ወርዶ መሬቱን ረግጦ ማንሻዋን በጊዜው ማስገባቱን ነው። ይህን ማድረግ እንዲችል አስቀድሞ ማስተማር የአሽከርካሪው ሳይሆን መኪናውን የሚያዘጋጅለት ባለሙያ ኃላፊነት ነው።